የጾመኛው ፓወር ሰፕላይ ውዳሴ

የሰው ልጅ ገንዘቡን ከብክነት ለማዳን ከፈለሰፋቸው ጥበባት ሁሉ፣ ኮምፒዩተሩን በውድ ግራፊክስ ካርድ ካስጌጠ በኋላ ያንኑ ካርድ በርካሽ ፓወር ሰፕላይ እያስራበ የሚያኖርበት ጥበብ እጅግ የላቀ ሆኖ ሳለ፣ እስከ ዛሬ አንድም ደራሲ ብዕሩን አንሥቶ ሊያመሰግነው አለመነሣቱ የዘመናችንን ውለታ ቢስነት ያስረዳል። ስለዚህ እኛ፣ ምንም እንኳ ለዚህ ሥራ የማንበቃ ብንሆን፣ የዚህን ጥበብ ሥርዓትና ትሩፋት፣ የሊቃውንቱንም ክርክርና ተጋድሎ በቅን ልቡና ልንጽፍ ወደድን።

በመጀመሪያ ሥርዓተ ግዢውን እንመልከት። የሠርግ ቪዲዮ የሚያቀናብር ባለሙያ ይሁን፣ የሕንፃ ንድፍ የሚማር ተማሪ፣ ወይም ሌሊቱን በጌም የሚያነጋ ወጣት፣ ጠቢቡ ወደ ኮምፒዩተር ሱቅ በገባ ጊዜ ለካርዱ ሳይሳሳ ይከፍላል፤ ካርዱ በመስተዋት ኬዝ ውስጥ ቁሞ የሚታይ፣ ቀይና ሰማያዊ መብራት እያፈራረቀ የሚያበራ፣ ስሙና ቍጥሩ በወዳጆች ዘንድ በአክብሮት የሚጠራ ነውና። ፓወር ሰፕላዩ ግን በኬዙ ግርጌ ተሸሽጎ የሚኖር፣ ማንም መጥቶ «ስንት ገዛኸው?» ብሎ የማይጠይቅለት መናኝ ስለ ሆነ፣ ለመናኝ ደግሞ የሚገባው ጾም እንጂ ድግስ ስላልሆነ፣ ከካርዱ ግዢ በተረፈው ሽርፍራፊ ገንዘብ ከመደርደሪያው ሁሉ ርካሹ ተመርጦ ይወሰዳል።

ከግዢው ቀጥሎ የእምነት ነገር ይመጣል። በሣጥኑ ላይ በወርቃማ ቀለም «500 ዋት» ተብሎ ተጽፏል፤ ጠቢቡም አይቶ ያምናል። በብረቱ ጎን በተለጠፈችው ወረቀት ላይ ግን፣ ለማንበብ ጎንበስ ማለትንና ዐይንን ማጥበብን በሚጠይቁ ጥቃቅን ፊደላት፣ በ12 ቮልቱ መሥመር የሚወጣው ኮረንቲ 18 አምፔር መሆኑ ተመልክቷል፤ ይህንም በ12 ያባዛ ተጠራጣሪ ሰው 216 ዋት ብቻ ያገኛል። ካርዱም ፕሮሰሰሩም በዘመናችን ቀለባቸውን የሚቀበሉት ከሞላ ጎደል ከዚሁ መሥመር ነውና፣ የቀረው 284 ዋት ወዴት ሄደ ብሎ የሚጠይቅ ይኖር ይሆናል። ከፊሉ ለካርዱ እምብዛም በማይጠቅሙት በ3.3ና በ5 ቮልት መሥመሮች ላይ ተደልድሏል፤ የቀረው በአታሚው ቀለም ውስጥ ይገኛል። ክዳኑን ፈትቶ ውስጡን ያየ ቴክኒሻን ቢኖርም፣ የማጣሪያ መጠምጠሚያ ሊቀመጥበት በታሰበው ስፍራ አንዲት ቁራጭ ሽቦ ተበይዳ፣ ሌላውም ስፍራ ባዶውን ቀርቶ ያገኘዋል። አባቶች «ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል» ብለዋል፤ ይህ ዕቃ ግን ማደር ሳያስፈልገው ገና ከሱቁ ሲወጣ የቀለለ ነው።

አሁን ደግሞ ወደ ማዕዱ የተጠሩትን እንቍጠር። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2021 የወጣው አርቲኤክስ 3060 የተባለው የኤንቪዲያ ካርድ ሥራ ሲበዛበት 170 ዋት ይሻል፤ ኮር አይ5 12400ኤፍ የተባለው የኢንቴል ፕሮሰሰርም ምንም እንኳ 65 ዋት ነው ተብሎ ቢመሰከርለት፣ በሚፋጠንበት ሰዓት እስከ 117 ዋት ይደርሳል። የሁለቱ ብቻ ድምር 287 ዋት ነው፤ ማዘርቦርዱ፣ ራሙ፣ ዲስኩና ማራገቢያዎቹ ገና እጃቸውን አልታጠቡም። አምስት እንጀራና ሁለት ዓሣ ለብዙ ሺህ ሕዝብ መብቃቱን በወንጌል የምናነብ ሰዎች 216 ለ287 ይበቃል ሲባል ልንደነቅ አይገባንም፤ ልዩነቱ በዚያኛው ተአምር የተረፈው ቍርስራሽ በመሶብ ሲሰበሰብ፣ በዚህኛው የሚተርፈው ጢስ መሆኑ ነው።

ኤንቪዲያ ራሱ ለዚህ ካርድ 550 ዋት ፓወር ሰፕላይ ይገባዋል ብሎ የጻፈውን አንድ ሰው ለሊቃውንቱ ያሳያቸው እንደ ሆነ ፈገግ ብለው «አምራቾች ለጥንቃቄ አብዝተው ይጽፋሉ» ይሉታል። የሚያስደንቀውም ይህ አነጋገራቸው እውነት መሆኑ ነው፤ በታዘዘው ቍጥር ውስጥ ለደካማ ዕቃ የታሰበ ትርፍ አለበትና፣ በደንብ የተሠራ 450 ዋት ፓወር ሰፕላይ ይህን ኮምፒዩተር ያለ ጭንቅ ይሸከመዋል። ሊቃውንቱ ግን ከዚህ እውነት ተነሥተው፣ በ450 እውነተኛ ዋት የሚሠራ ነገር በ500 ሐሰተኛ ዋት ይልቁን አብልጦ ይሠራል ወደሚለው መደምደሚያ ሲሻገሩ፣ የሒሳብ መምህራን ሁሉ እስከ ዛሬ ያልደረሱበትን ምሥጢር ገልጠዋል።

ወደ ተጋድሎው ምዕራፍ ስንሻገር ካርዱ 150 ዋት እንዲያልፍበት የተወሰነውን ባለ8 ፒን መሰኪያ ሲጠይቅ፣ ጾመኛው ፓወር ሰፕላይ ግን እንዲህ ያለ ገመድ ጨርሶ ሳይኖረው እናገኛለን። ይህ አለመኖር በዕቃ ቋንቋ «አልችልም» የማለት ያህል ነበር፤ ጠቢቡ ግን የዕቃን ልመና የሚሰማ ልብ ስለሌለው አዳፕተር ገዝቶ፣ ለዲስክ የተሠሩትን ሁለት የሳታ ገመዶች አጣምሮ ይሰካለታል። አንዱ የሳታ መሰኪያ በ12 ቮልት 4.5 አምፔር፣ ማለት 54 ዋት ብቻ እንዲሸከም የተወሰነ ነውና፣ ሁለቱ ቢተባበሩም 108 እንጂ 150 አይሞሉም። ጥቂት ሳምንታት ካለፉ በኋላ ከቢጫው ሽቦ አጠገብ ያለው ፕላስቲክ መጀመሪያ ይለሰልሳል፣ ቀጥሎ ይጠቍራል፣ በመጨረሻም እርስ በርሱ ተጣብቆ ቢስቡት አልላቀቅ ይላል፤ ሽታውም ክፍሉን ሲሞላው ባለቤቱ ጎረቤት ቡና አሳረረ ብሎ መስኮቱን ይዘጋል።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ የሚረቀው ግን የቅጽበቱ ነገር ነው። 170 ዋት የተባለው አማካዩ ነው እንጂ፣ ካርዱ ከሴኮንድ አንድ ሺህኛ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ከዚያ በእጅጉ የሚበልጥ ኃይል በድንገት ሊጐትት ይችላል። ኢንቴል በ2022 ያወጣው ኤቲኤክስ 3.0 የተባለው ደንብ፣ ለአዲሶቹ ኃይለኛ ካርዶች የሚሠሩት ትልልቅ ፓወር ሰፕላዮች የተጻፈባቸውን ዋት ዕጥፍ ለ100 ማይክሮ ሴኮንድ ያህል እንዲታገሡ ያዘዘው በዚህ ምክንያት ነው። የኛ ጾመኛ ግን የተጻፈበትን ግማሽ እንኳ ለመስጠት እየቃተተ ሳለ የዕጥፍ ጥያቄ ሲመጣበት፣ ራሱን የሚጠብቅበት መቍረጫ ካለው ወዲያው ይጠፋል፤ መቍረጫውም ለቍጠባ ሲባል ተትቶ እንደ ሆነ ካርዱንና ማዘርቦርዱን ጭምር ይዞ ሊሄድ ይችላል። እንግዲህ ሬንደሩ 78 በመቶ ደርሶ፣ ሙሽራዪቱ ከመኪና ስትወርድ የሚያሳየው ክፍል ተራው ሲደርስ፣ ማራገቢያው ቀጥ ይላል፤ ስክሪኑም ይጨልማል።

በዚህ ጊዜ የአንድምታው ጉባኤ ይከፈታል። አንድም ቫይረስ ነው፤ አንድም ድራይቨሩ አልተስማማም፤ አንድም ዊንዶውሱ ኦሪጅናል አይደለም፤ አንድም አቧራ ገብቶበታል፤ አንድም መብራቱ ነው። ራሙ ይነቀልና እግሮቹ በላጲስ ይፈተጋሉ፤ ካልሆነም ፎርማት ይደረጋል፣ የልጆቹም ፎቶግራፍ አብሮ ይጠፋል። የመጨረሻው ትርጓሜ እንኳ ጥቂት እውነት አለበት፤ የመብራቱ ቮልት ከ220 ወርዶ ሲደክም ፓወር ሰፕላዩ ያንኑ ኃይል ለማድረስ ኮረንቲ አብዝቶ ስለሚስብ ይብስ ይግላልና። ዳሩ ግን ጉባኤው ሁሉን መርምሮ፣ ሁሉን ተጠያቂ አድርጎ ሲበተን፣ በኬዙ ግርጌ የተቀመጠውን መናኝ ስሙን የሚያነሣው አይገኝም።

ድኻ በመሆን የሚወቀስ ሰው የለም። ጂቲኤክስ 1650ን የመሰለ፣ በ75 ዋት ከማዘርቦርዱ መሰኪያ ብቻ ተቀብሎ የሚኖር፣ በብዙዎቹ ዓይነቶቹ ተጨማሪ ገመድ የማይጠይቅ ካርድ አለ፤ አቅሙን ዐውቆ ይህን የመረጠ ሰው ሥራውን ሠርቶ በሰላም ያድራል። የካርዱን የኃይል ወሰን በሶፍትዌር ዝቅ አድርጎ የሚጠቀምም አስተዋይ ነው። እነዚህ ግን ከማኅበራችን አይቈጠሩም፤ የማኅበራችን ሰው ለትልቁ ካርድ ገንዘብ ያልቸገረው፣ ለሚያኖረው ነገር ግን የቸገረው ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን የጣለችው እንኳ የቆጡ ነገር ቢያምራት ነው፤ የኛ ሰው ግን ሁለቱንም በእጁ ይዞ ሳለ አንዱን ለማዳን ሌላውን ይጥላል።

በመጨረሻም ካርዱ ሲቃጠል «ሻጩ አታለለኝ» የሚል ዋይታ ይሰማል። ሻጩን ልንከላከልለት ባንሻም ፍርድ ግን ይገባል። ሻጩ ከባዱንና ቀላሉን ጎን ለጎን አስቀምጦ ዋጋቸውን ነግሮት ነበር፤ ሁለቱም ላይ 500 ተብሎ ሲጻፍ አንደኛው የሌላውን ሲሶ ዋጋ የሚያወጣው በምን ምክንያት እንደ ሆነ ገዢው ያልጠየቀው መልሱን ስለሚያውቅ ነው። ስለዚህ ተታለለ አይባልም፤ ሐሰትን ዋጋዋ ስለቀነሰ ወዶና ፈቅዶ ገዛት እንጂ።

እንግዲህ ከወንድሞቻችን መካከል ወረቀቷን ጎንበስ ብሎ ያነበበ፣ የ12 ቮልቱንም አምፔር በ12 አባዝቶ ከካርዱና ከፕሮሰሰሩ ድምር ጋር ያስተያየ፣ ለሥራ የሚበቃ ትርፍም አስቦ የገዛ ቢገኝ፣ ኮምፒዩተሩ ስለማይጠፋበት በአንድምታው ጉባኤ የሚተረጕመው አያገኝምና፣ ዛሬውኑ ከማኅበራችን የተለየ ይሁን።