ቀለብ ያጣ ተስፋ

የብሔራዊ ቡድናችን ዋልያዎቹ በታንዛኒያ 2 ለ 0 የተሸነፉ ዕለት፣ በዋግ፣ ሰቆጣ ውስጥ በአንዲት ጠባብ ቤት ተፋፍገን ቴሌቪዥን ላይ አፍጥጠን ነበር። ኅዳር 7 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው። የአፍሪካ ዋንጫ ማጣሪያ ጨዋታው በወረቀት «የሜዳችን» ተብሎ ተመዝግቧል፤ የተካሄደው ግን ኪንሻሳ ነው። ሁለተኛው ጎል ሲገባ ቤቱ ጸጥ አለ። ዐሥራ አምስት ዓመት ቢሞላው ነው፣ ከፊት የተቀመጠ አንድ ልጅ «ግድ የለም፤ ቡድኑ ወጣት ነው፤ ለከርሞ ይደርሳል» አለ። አጠገቤ የነበሩ አንድ አባት ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው «ልጄ፣ እኔም ባንተ ዕድሜ ይህንኑ እል ነበር» አሉት። ሌላ አልጨመሩም። ተነሥተው ወጡ።

እኔንም የመረረኝ ይኸው ነው። ሽንፈቱንስ ለመድነው። ያልተለመደልኝ ከሽንፈቱ በኋላ እንደ ማስተዛዘኛ የምንቀበለው ቃል ነው፤ «ተስፋ የሚጣልባቸው ወጣቶች አሉን»። ስንት ጊዜ ሰማነው! ስንት ጊዜስ ራሳችን አልነው!

በጥር 2005 ዓ.ም. ቡድናችን ከ31 ዓመት በኋላ ደቡብ አፍሪካ ላይ ለአፍሪካ ዋንጫ ሲሰለፍ ያልተነሣ፣ ያልጨፈረ ማን ነበር? የዋንጫው ባለቤት ዛምቢያ ላይ አዳነ ግርማ ጎል ሲያስቆጥር፣ ታግለን 1 ለ 1 ስንወጣ፣ የዋግ ተራሮች የተንቀጠቀጡ ነው የመሰለን። ከዚያ በቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0፣ በናይጄሪያ 2 ለ 0 ተሸንፈን ተመለስን። «ልምድ አገኘን፤ ልጆቹ ገና ናቸው» አልን። እውነትም ገና ነበሩ። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ፣ በጥር 2014 ዓ.ም. ካሜሩን ሄድን። በ2005 አንድ ነጥብ ይዘን ተመልሰን ነበር፤ በ2014ም የያዝነው ያንኑ አንድ ነጥብ ነው። ያኔም «ልጆቹ ገና ናቸው» ተባለ። ቀጥለው የመጡት ሁለት ውድድሮች አመለጡን። በ2017ቱ ማጣሪያ በአራት ነጥብ ከምድባችን ግርጌ ቀረን። የመጨረሻውን ጨዋታ፣ ከወደቅን በኋላ፣ ዲሞክራቲክ ኮንጎን በገዛ ሜዳዋ 2 ለ 1 ስናሸንፍ ያው ተስፋ እንደገና አንሰራራ። በአፍሪካ ዋንጫ መድረክ ላይ ለመጨረሻ ጊዜ ያሸነፍነው በ1968 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ኡጋንዳን ነው። የዚያ ዓመት ሕፃን ዛሬ የልጅ ልጅ ለማየት የደረሰ ነው።

አዎ፣ በ1949 ዓ.ም. የአፍሪካን ዋንጫ ከመሠረቱት አገሮች አንዷ ነን። በ1954 ዓ.ም. እነ ሉቺያኖ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ፣ በይድነቃቸው ተሰማ እየተመሩ፣ ግብጽን 4 ለ 2 አሸንፈው ዋንጫውን አንሥተዋል። ይህን የማያውቅ የለም፤ መኩራትም ይገባናል። ነገር ግን የአያት ዋንጫ የልጅ ልጅን እግር አያፈጥንም።

ስለ ወጣቶቹ ካነሣን፣ በ1993 ዓ.ም. ከ20 ዓመት በታች ቡድናችን አርጀንቲና ላይ የዓለም ዋንጫ ተጫውቷል። የወጣት ቡድን ሆኖ ዓለም ላይ የደረሰ ትውልድ ነበረን ማለት ነው። ያ ትውልድ ለዋናው ቡድን መሠረት መሆን ሲገባው፣ ዋናው ቡድን ወደ አፍሪካ ዋንጫ እስኪመለስ 12 ዓመት ፈጀ። ልጅ መውለድ አላቃተንም፤ ማሳደግ ነው ያቃተን።

ክለቦቻችን ለታዳጊዎቻቸው ያወጡላቸው ስም እንኳ «ተስፋ ቡድን» ነው። ስሙ ያምራል። የሚቆረቁረኝ ግን ልጁ ከተስፋ ቡድን ወደ ዋናው የሚሻገርበት ድልድይ መጥበቡ ነው። አሠልጣኙ በሦስት ጨዋታ ነጥብ ከጣለ ይባረራል፤ ስለዚህ የ18 ዓመት ልጅ አሰልፎ ሊሳሳት አይደፍርም። የክለቡ ኃላፊ ዘንድሮ እንዳይወርድ ይጨነቃል፤ ስለዚህ የበሰለውን ከሌላ ክለብ ያስፈርማል። ልጁ መቀመጫው ላይ ሃያ ይሞላዋል፤ ሃያ ሁለት ይሞላዋል። ከዚያ ውሉ አይታደስም። ተስፋ ተብሎ ገብቶ፣ ተስፋ ተብሎ አርጅቶ ይወጣል።

አልፎ አልፎ አንዱ ድልድዩን ሲሻገር ደግሞ የሁላችንን ሸክም እሱ ላይ እንጭናለን። አቡበከር ናስር በ2013 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ቡና በአንድ የውድድር ዓመት 29 ጎል ሲያስቆጥር አገር በአድናቆት ተነሣ። ወደ ደቡብ አፍሪካው ማሜሎዲ ሰንዳውንስ ሲሄድም መንገዱ ለሁሉም የተከፈተ መሰለን። ጉዳት ከሜዳ ሲያርቀው የእኛም ተስፋ አብሮት አነከሰ። የአንድ አገር እግር ኳስ በአንድ ልጅ ጉልበት ላይ ሊቆም አይገባም ነበር። ከኋላው ዐሥር ቢኖሩ ኖሮ እሱም ተረጋግቶ ይድን ነበር፤ እኛም አንሳቀቅም ነበር።

አሁን ወደ ራሳችን ደጅ ልመለስ። ሰቆጣ ከባሕር ወለል ከ2,200 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት። ደምና ሳንባን የሚያበረታ አየር አላት፤ ዳገት የለመደ እግር ያላቸው ልጆችም አሏት። ማለዳ ከቤቴ ስወጣ አያቸዋለሁ። ጠጠር በበዛበት ሜዳ ላይ፣ ግማሹ በላስቲክ ጫማ፣ ግማሹ በባዶ እግሩ ይሮጣል። በአማርኛ ይጠራራሉ፤ በኽምጣንጋ ይጠራራሉ። ኳሱ እሾህ ሲወጋው ጨዋታው ያልቃል፤ ከዚያ ካልሲና ጨርቅ ተጠቅልሎ ሌላ ኳስ ይሠራል። ከእነዚህ መካከል ኳስ እግሩ ሥር ስትደርስ ቀና ብሎ የሚያይ፣ ሳይነካት ቀድሞ የት እንደሚልካት የሚያውቅ ልጅ አለ። ይህ በልምምድ ብቻ የሚመጣ አይደለም፤ አብሮ የሚወለድ ነገርም አለበት።

የዚህ ልጅ ዕጣ ምንድን ነው? መልማይ ወደ እሱ አይመጣም። ሙከራ አለ የሚል ወሬ ከሰማ፣ አባቱ ፍየል ሸጦ ለመሳፈሪያ ይሰጠዋል። ወልድያ ወይም ባሕር ዳር ድረስ በአውቶቡስ ተንገላቶ፣ መንገድ ከተዘጋ ደግሞ ተጨንቆ፣ እግሩ አብጦ ይደርሳል። በማያውቀው ሜዳ፣ በማያውቃቸው ልጆች መካከል ሃያ ደቂቃ ይሰጠዋል። ኳስ ሁለት ጊዜ ቢነካ ነው። «እንደውልልሃለን» ይባላል። አንድ እንዲህ ያለ ልጅ አውቃለሁ፤ ስልክ የሚይዝበት ኮረብታ ላይ እየወጣ አንድ ክረምት ሙሉ ጠበቀ። አልተደወለም። ዛሬ የቀን ሥራ ላይ ነው። ባየሁት ቁጥር ዐይኑን ሽሽት እንገዳገዳለሁ፤ «ሂድ፣ ይወስዱሃል» ብዬ የላክሁት እኔ ነበርኩና።

በአሜሪካ እግር ኳስ፣ ያ በእጅም የሚጫወቱት፣ አንድ ደንብ አለ። ከ1936 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ የውድድር ዓመቱ ካበቃ በኋላ አዳዲስ ወጣቶች ሲመለመሉ ቀድሞ የመምረጥ ዕድል የሚሰጠው ደክሞ ለጨረሰው ቡድን ነው። የወደቀው እንዲነሣ ተብሎ ነው። እኛ ዘንድ ነገሩ ተገልብጧል። ሜዳ ያለው ሜዳ ይጨመርለታል፤ አሠልጣኝ ያለው አሠልጣኝ ይጨመርለታል። የራቀውና የደከመው ወረዳ በምልመላው ካርታ ላይ እንኳ አይታይም።

ደግሞስ ሰቆጣን አገር የሚያውቃት በምን ነው? በሐምሌ 2007 ዓ.ም. መንግሥት «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ብሎ አወጀ። እስከ 2022 ዓ.ም. ድረስ ዕድሜያቸው ከሁለት ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናትን መቀንጨር ማስቀረት ነው ዓላማው። በአማራና በትግራይ የተከዜ ተፋሰስ ወረዳዎች ተጀመረ። የዚያ ቃል ኪዳን ልብ አንድ ትምህርት ነው፤ ልጅ ከተፀነሰ ጀምሮ ባሉት የመጀመሪያዎቹ 1,000 ቀናት ያጣውን፣ በኋላ ድግስ ብታቀርብለት አታካክስለትም። ይህን በእኛ ከተማ ስም ያወጀች አገር፣ እግር ኳስ ላይ ስትደርስ እንዴት ትረሳዋለች? ኳስ የመቆጣጠር፣ ቀና ብሎ የማየት፣ በሁለት እግር የመጫወት ልማድ የሚያዘው ከስድስትና ከሰባት ዓመት ጀምሮ እስከ ዐሥራ አራት ነው። ያ ዕድሜ በጠጠር ላይ ያለ አሠልጣኝ ካለፈ፣ በሃያ ዓመቱ የውጭ አሠልጣኝ ብታመጣለት ምን ይረባዋል?

የእኛ ልጆች ሌላም ጾም ጾመዋል። በ2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ሰቆጣን አንኳኩቶ ብቻ አላለፈም፤ ገብቶ ከርሟል። ከአበርገሌ የተፈናቀሉ ወገኖች ወለህ መጠለያ ውስጥ ዓመታት ቆጠሩ። በ2016 ዓ.ም. ድርቅ ጨመረበት። መጠለያው አጠገብ ያሉ ልጆች ግን ኳስ መጫወት አላቆሙም። ይህን ያየ ሰው «ተስፋ አለ» ቢል አልፈርድበትም። እኔ የምፈርደው ተስፋውን አይቶ ባዶ እጁን ዞሮ በሚሄደው ላይ ነው።

«ገንዘብ የለም» የሚለው መልስም ሰለቸኝ። በወልድያ ከ25 ሺህ በላይ ሰው የሚይዝ ያማረ ስታዲየም በ2009 ዓ.ም. ተመርቋል። እሰይ ብለናል፤ ለሰሜኑ ክብር ነው። በማግስቱ ዓመት፣ በ2010፣ ወልድያ ከተማ ከፕሪሚየር ሊጉ ወረደ። ዋግ የማር አገር ነው፤ ንብ አናቢ ሁሉ የሚያውቀውን ልንገራችሁ። ቀፎ ስላማረ ማር አይገኝም፤ በበጋ አበባ ሲጠፋ ንቡን የቀለበ ነው ማር የሚቆርጠው። በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ የአንድ ተጫዋች ደመወዝ በወር ከ50,000 ብር እንዳይበልጥ ጣሪያ ወጥቶ ነበር። ጣሪያ እስኪያስፈልገው ድረስ ለአንድ ፈራሚ የሚከፈል ገንዘብ ያለበት አገር ለአንድ ወረዳ ኳስና መረብ መግዣ አጣ ማለት ነው?

ዕድሜም ሌላው ቁስላችን ነው። ከ17 ዓመት በታች ውድድሮች ላይ የእጅ አንጓ በኤምአርአይ ሲታይ የሚያፍረው ልጁ ብቻ አይደለም፤ ዕድሜውን ቀንሶ ያመጣው ትልቅ ሰውም ነው። የሃያ ሁለት ዓመቱን ጎልማሳ «ታዳጊ» ብለን ስናሰልፍ፣ እውነተኛውን የዐሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ከወንበሩ ገፍተን እንጥለዋለን። ይህም ሌብነት ነው።

ስለ ሴቶቹ ልጆች ዝም ብል ያሳዝነኛል። በነሐሴ ወር የሻደይ በዓል ሲደርስ የሰቆጣ መንገዶች በእነሱ ጭፈራ ይሞላሉ፤ ከተማው ሁሉ ወጥቶ ያያቸዋል። ሻደይ ካለፈ በኋላ ሜዳ ላይ ኳስ ይዘው ሲወጡ ግን «ሂጂ ውኃ ቅጂ» የሚላቸው ይበዛል።

ማድረግ እንደሚቻል ሌሎች አሳይተዋል። ሞሮኮ በ2009 እ.ኤ.አ. የመሐመድ ስድስተኛን አካዳሚ መሥርታ ልጆችን ከየአካባቢው ሰበሰበች። ከዚያ ያደጉት የሱፍ ኤን ነሲሪ፣ ዓዘዲን ኡናሂና ናይፍ አገርድ በ2022 እ.ኤ.አ. ብሔራዊ ቡድኗን ለዓለም ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ ካደረሱት መካከል ናቸው። በ2025 እ.ኤ.አ. ደግሞ ከ20 ዓመት በታች ቡድኗ የዓለም ዋንጫን አነሣ። በዐሥራ ሦስት ዓመት ለግማሽ ፍጻሜ ያፈራ ዛፍ ነው። እኛ በዐሥራ ሦስት ዓመት ውስጥ «ልጆቹ ገና ናቸው» ስንል ነበር።

የምንጠይቀው ሰማይ አይደለም። በየወረዳው ደመወዙ የማይቋረጥ አንድ የታዳጊ አሠልጣኝ፤ ጠጠሩ የተለቀመለት ሜዳ፤ በዓመት አንድ ጊዜ ሰቆጣ ድረስ የሚመጣ መልማይ፤ ክለቦች ከተስፋ ቡድናቸው ልጆችን በእውነት እንዲያሰልፉ የሚያስገድድ ደንብ። የመሳፈሪያውን ዋጋ ከአባትየው ፍየል ላይ ማውረድም አንዱ ነው።

ነገ ማለዳ፣ ገና ብርዱ ሳይለቅ፣ ልጆቹ ጠጠሩ ሜዳ ላይ ይወጣሉ። የካልሲ ኳሳቸውንም ይዘዋል። እባካችሁ፣ ዘንድሮ አንድ ሰው መጥቶ ይያቸው።