የአሮጊቷ ፒካፕ ምናኔ

ጥገና ማለት የጎደለውን መሙላት፥ የተሰበረውን መተካት፥ የላላውንም ማጥበቅ ነው ብሎ የሚያምን ሰው ቢኖር፥ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ከአዲስ አበባ ግቢዎች ወደ አንዱ ጎራ ብሎ፥ አሮጌ የናፍታ ፒካፑን በድንጋይና በግንድ ቁራጭ ላይ አሳርፎ ከሥርዋ የተጋደመውን ባለቤት አንድ ጊዜ ቢመለከት፥ እምነቱ ምን ያህል የጨዋ እምነት እንደ ነበረ ወዲያው ይገለጥለታል። በዚያ ግቢ የሚፈጸመው ጥገና እየነሣ የሚያድን፥ እያጎደለ የሚያጸና፥ ለተራ መካኒክ የተሰወረ ምስጢር ነው። ቀደምት ገዳማውያን ሥጋቸውን ከምቾት እየለዩ ነፍሳቸውን እንዳነጹ ሁሉ፥ ባለ ፒካፑም መኪናውን ዛሬ ከአንዱ ዕቃ፥ ነገ ከሌላው እየለየ ወደ ፍጹም ምናኔ ይመራታል።

ለዚህ ተጋድሎ ከሁሉ ይልቅ የተመረጠችው፥ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1980ዎቹ መጨረሻና በ1990ዎቹ የተሠራችው ባለ ናፍታ ቶዮታ ሃይሉክስ ናት። 2.4 ወይም 2.8 ሊትር የሆነው ሞተርዋ ኮምፒዩተር አያውቅም፤ ናፍታውን የሚያድለውም ፖምፓ በብረትና በሞላ ብቻ የሚሠራ ስለ ሆነ፥ ካቻቢቴ የያዘ ሁሉ የመካኒክነት ክህነት ያለ አንብሮተ እድ የተሰጠው ይመስለዋል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያረጀ መኪና ከውጭ ማስገባትን እጅግ ካስወደደ፥ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ፥ አሮጊቷ ዕድሜዋ በገፋ መጠን ክብርዋ ከፍ እያለ ሄዷል። ክብርዋ ከፍ ሲል ግን ጋራዡ የሚጠይቀው ብርም አብሮ ከፍ አለ፤ ባለቤቱም ከጋራዡ ወደ ግቢው፥ ከባለሙያው ቃል ወደ ጎረቤቱ ምክር ተመለሰ።

የምናኔዋ መጀመሪያ ቴርሞስታት ነው። ይህች በሞተሩና በራዲያተሩ መካከል የተቀመጠች፥ በሆድዋ ሰም የታተመባት ትንሽ በር ናት፤ ውኃው 80 ዲግሪ ገደማ እስኪደርስ ተዘግታ ሞተሩን ታሞቃለች፥ ከዚያም ሰሙ ቀልጦ ሲያብጥ ተከፍታ ውኃውን ወደ ራዲያተሩ ታሰናብታለች። መኪናዪቱ አንድ ቀን ከዓባይ ሸለቆ ወደ ጎሐ ጽዮን ስትወጣ ፈልታ የቆመች እንደ ሆነ፥ ባለቤቱ ራዲያተሩ በጭቃና በፌንጣ ክንፍ መደፈኑን፥ ቺንጋው መላላቱን፥ ውኃው ከቧንቧ የተቀዳ ዝገት አምጪ ውኃ መሆኑን አይመረምርም፤ በሪቱን ከተቀመጠችበት ቦታ ነቅሎ ወደ አጥር ይወረውራታል። «ፈረንጅ ይችን ያስገባት ለበረዶ አገር ነው፤ እኛ አገር ምን ትሠራለች?» ይላል፤ ይህን ክርክር የሚረታ ሊቅም እስካሁን አልተገኘም። ያልሞቀ ሞተር ናፍታውን አጣርቶ እንደማያቃጥል፥ ያልተቃጠለውም ወደ ዘይቱ እየወረደ እንደሚያቀጥነው፥ ይልቁንም በብዙዎቹ ሞተሮች ላይ ያች በር ስትከፈት በጀርባዋ የአቋራጩን ቀዳዳ ትደፍን ስለ ነበር፥ እርስዋ በሌለችበት ከውኃው ከፊሉ ራዲያተሩን ሳይጎበኝ ወደ ሞተሩ ተመልሶ በዳገት ላይ መፍላቱን እንደሚያብሰው የሚያስረዳ ሰው ቢነሣ፥ «መጽሐፍ አዋቂ» ተብሎ ይሾማል፤ በባለ ፒካፖች ጉባኤ ዘንድ ደግሞ ከዚህ የከፋ ውግዘት የለም።

ቀጥሎ የሚመንነው የራዲያተሩ ክዳን ነው። በባሕር ጠረፍ በ100 ዲግሪ የሚፈላው ውኃ፥ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነችው አዲስ አበባ 92 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ይንተከተካል፤ ባቄላ ለመቀቀል እኩለ ቀን የፈጀባት ባልቴት ሁሉ ይህን ያለ ቴርሞሜትር ታውቀዋለች። ክዳኑ በሞላው ጉልበት ውኃውን አፍኖ የመፍላቱን ልክ ወደ ላይ ስለሚገፋው፥ ደገኛ የሆነ ባለ መኪና ከቆለኛው ይልቅ ክዳኑን ሊያከብረው በተገባ ነበር። የእኛ ሰው ግን ሞላው የደከመውን ክዳን ጥሎ፥ ከሶማሌ ተራ የገዛውን ልኩ ያልሆነ ክዳን በፌስታል ቁራጭ ጠቅልሎ ይጨምቀዋል፤ ፌስታሉም በመጀመሪያው ዳገት ላይ ሲቀልጥ፥ ጥፋቱ የፌስታሉ ሆኖ፥ ሁለተኛ ጊዜ ወፈር ያለ ይመረጣል።

ስለ ካንዴሌታው ግን ዝም ብሎ ማለፍ በደል ይሆናል። ሩዶልፍ ዲዝል እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1897 በአውግስቡርግ ከተማ ያስመሰከረው ሞተር፥ አየርን አምቆ በማሞቅ ብቻ ነዳጁን የሚያቀጣጥል ነበር፤ ሃይሉክሲቱም አየሩን ከ20 እጥፍ በላይ ብታምቅም፥ በኅዳር ውርጭ ማለዳ ናፍታው የሚረጭባት ትንሽ ጓዳ በካንዴሌታ ካልሞቀች አትነሣም። ከአራቱ ካንዴሌታዎች ሁለቱ በተቃጠሉ ጊዜ ባለቤቱ መቆጣጠሪያውን ነቅሎ፥ በምትኩ የበር ደወል መጫኛ ተከለ፤ ብዙ አምፔር የሚጠይቀውን ጅረት የተሸከመችው ደወልም በሦስተኛው ማለዳ ጣቱን ጠብሳ አረፈች። ከዚያ ወዲህ መኪናዪቱ የምትነሣው በሰፈሩ ጎረምሶች ጫንቃ ነው። ባለቤቱም የሚያቆማት በቁልቁለት አፍ ላይ ብቻ ስለ ሆነ፥ ለቅሶም ሆነ ሰርግ ሲጠራ አስቀድሞ የሚጠይቀው የማን ቤት እንደ ሆነ ሳይሆን ቤቱ ዳገት ላይ መሆኑን ነው።

በፖምፓው ላይ ያለችው የናፍታ መጠን የምትወስነው ብሎንም፥ የፋብሪካው ማኅተም ካረፈባት ጀምሮ ማንም እንዳይነካት የተገዘተች ነበረች። ማኅተሙ ተፈታ፤ ብሎኗ ጠበቀች፤ «ጉልበት ጨመረች» ተባለ። የደጋ አየር ስስ በመሆኑ ትርፍ የተረጨው ናፍታ የሚቃጠልበትን አየር አጥቶ በጥቁር ጢስ ይወጣል፤ በኋላዋ በሚኒባስ የሚከተለው ሕዝብም ሳይወድ ማዕጠንት ይቀበላል። የእጅ ፍሬኑ፥ የነዳጅ ልክ መስፈሪያውና የአየር ማጣሪያው እንዴት እንደ መነኑ ለመተረክ ጊዜ የለኝም፤ ድንጋይ፥ እንጨትና ግምት ተክተዋቸዋል።

የትሩፋቱ ጫፍ ግን ሌላ ነው። ይህ ሞተር ኮሎውንና ቫልቮቹን የሚያስማማው በጥርሳም የላስቲክ ቀበቶ ነው፤ መኪናዪቱ 100,000 ኪሎ ሜትር በጨረሰች ጊዜ በመሪው ፊት «ቲ ቤልት» የሚል ቀይ መብራት ይበራል፤ ቀበቶው በጉዞ ላይ ቢበጠስ ፒስተኑ ከቫልቮቹ ጋር ይላተማልና። መብራቱ ግን ቀበቶው መለወጡን በራሱ የሚያውቅበት መንገድ የለውም፤ የሚያጠፋው የሰው እጅ ነው። እነሆ የሠሪዎቹ ገርነት! ጠጋኝ ሁሉ አስቀድሞ ቀበቶውን ለውጦ መብራቱን ያጠፋል ብለው አመኑ። የእኛ ሰው ከሁለቱ ሥራዎች ቀላሉን መርጦ፥ ዳሽቦርዱን ፈትቶ መብራቱን አጠፋና ለሚስቱ «ተሠራች» ሲል አበሠራት። መነኩሴ ሲመነኩስ ቅናት ይታጠቃል፤ ይህች ግን ቅናትዋ እስኪበጠስ ዝም እንድትል ተገዘተች።

በአንድ ቅዳሜ በዚያ ግቢ የሆነውን ላነሣ እወዳለሁ። የጥቀርሻ ቀለም ያለው ዘይት ልብስ በሚታጠብበት ሳፋ ወርዷል፤ ናፍታው በአሮጌ ነጠላ ቁራጭ እየተጣራ በጀሪካን ይንጠባጠባል፤ ከመኪናዪቱ ሥር ደግሞ ሁለት እግሮችና አንድ ድምፅ ብቻ ይታወቃሉ።

«አንተ ልጅ፥ አሥራ ሁለት ቁጥር አቀብለኝ!»

«ጋሼ፥ አሥራ ሁለቱማ ባለፈው ጊዜ እዚያው ሞተሩ ውስጥ ገብቶ ቀርቷል» አለ የጎረቤት ልጅ።

«እንግዲያው አሥራ ሦስቱን አምጣ፥ በጨርቅ አጠበዋለሁ።»

እመቤቲቱ ከወጥ ቤት ብቅ ብላ፥ «ሳፋዬን ብቻ መልስልኝ፥ የቀረውን አንተው እንደ ፈቀድህ» ብላ ተመለሰች። ማምሻውን ኮፋኖው ሲከደን ከፈቷቸው ብሎኖች ሰባቱ መሬት ላይ ቀሩ። ባለቤቱ አልተሸበረም፤ «ጃፓኖች አብዝተው ነው የሚያስሩት» ብሎ በዱቄት ወተት ጣሳ ውስጥ ከቀደሙት ወንድሞቻቸው ጋር ደመራቸው። ጣሳው ሞልቶ ሁለተኛ ጣሳ መጀመሩን ልጁ በጆሮዬ ነግሮኛል።

በዓመት አንድ ጊዜ የቦሎ ምርመራ ሲደርስ ምናኔው ለጥቂት ቀናት ይፈታል። በዋዜማው ከአንዱ ጎረቤት ባትሪ፥ ከሌላው ትርፍ ጎማ፥ ከአጎት ልጅ የእጅ ፍሬን ገመድ በውሰት ይመጣል፤ የፖምፓዪቱም ብሎን ለዕለቱ ትላላለች፤ አሮጊቷ እንደ ሙሽራ ተኳኩላ ትቀርባለች። ቦሎው በመስተዋቱ ላይ በተለጠፈ ማግስት ውሰቱ ሁሉ ወደ የባለቤቱ ይመለሳል፥ ብሎኗም ትጠብቃለች። ሌላው ጎረቤት ደግሞ ተራውን ይጠብቅ ነበርና ባትሪው ብዙም አያርፍም።

አሁን በመጨረሻ ልትሸጥ ነው። ደላላው «ሞተርዋ ያልተከፈተ» ብሎ አስነግሯል፤ የተጠየቀባት ዋጋም አዲስ ሳለች ከተገዛችበት በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ትናንት የመጣው ገዢ ኮፋኖዋን አስከፍቶ፥ እጁን ወደ ኋላው አጣምሮ፥ እንደ መምህር ዝቅ ብሎ ተመለከተና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀ፦ «ቴርሞስታቷን አውጥተዋታል?»

«ኧረ ገና ድሮ!» አለ ባለቤቱ።

ገዢውም ፊቱ በራ፤ ቀብድ ሊከፍል እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ።