ሆዴ፣ ዓለሜ እና የሳድስ ጣጣ

የዘፈን ግጥም ጸሐፊ መሆኔን የሰማ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ግራ ቀኙን አይቶ፣ ባለቤቴ አጠገቤ አለመኖሯን ካረጋገጠ በኋላ «ማናት?» ይለኛል። ስለ ዓባይ ስጽፍ ዋና እችል እንደሆነ የጠየቀኝ የለም። ስለ ዓድዋ ስጽፍም የትኛው ተራራ ላይ እንደነበርኩ አልተጠየቅሁም። ፍቅር ላይ ስንደርስ ግን ሰው ሁሉ ስምና አድራሻ ይፈልጋል።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ የለችም። ያለችው ባለቤቴ ናት፤ ለእሷ ደግሞ አንድም ዘፈን ጽፌ አላውቅም። ይህን ራሷም ደርሳበታለች። አንድ ቀን ቡና እያፈላች ሬዲዮው የእኔኑ ግጥም ሲለቅ ጊዜ፣ «ይቺ ሸንቃጣ፣ ይቺ አንገተ ብርሌ፣ ይቺ ዓይኗ የሚያበራ ሁሉ ዘፈን ሲደረስላት የእኔ የታለ?» አለችኝ።

«ዘፈን የሚጻፈው ለሄደች ሴት ነው። አንቺ መች ሄደሽ ታውቂያለሽ?» አልኳት።

«ልሂድ?»

አቦሉ ገና አልተቀዳም ነበርና ነገሩን በዚያው ተውነው።

ለማምለጫ ያልኩት ይመስላል፤ ሙያው ግን እዚያው ላይ ነው። ዘፈን የጎደለ ነገር ይፈልጋል። ጠዋት አብራችሁ ቁርስ ስለበላች፣ ማታም አብራችሁ እራት ስለምትበላ ሴት ምን ተብሎ ይዘፈናል? ከአራቱ ቅኝቶቻችን ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ የወሎ አገር ስም ናቸው፤ ትዝታ ግን የናፍቆት ስም ነው። ናፍቆትን ቅኝት ያደረገ ሕዝብ ቤቷ ስለተቀመጠች ሴት አንድ ሙሉ ካሴት እንዲያዳምጥ አይጠበቅበትም።

ሰው ግጥሙ ተጽፎ ካለቀ በኋላ ዜማ የሚወጣለት ይመስለዋል። እንደዚያም ይሆናል፤ አልፎ አልፎ። ለእኔ ግን በአብዛኛው የዜማው ደራሲ ነው ቀድሞ የሚመጣው፤ ድሮ በካሴት፣ አሁን ደግሞ በስልኩ ቀድቶ፣ «ላላላ ናና ላላ» እያለ። የኔ ሥራ ያቺን «ላላላ» አውጥቶ ሰው የሚናገረውን ቃል በልኳ መተካት ነው። ችግሩ «ላላላ» የዋዛ ተፎካካሪ አለመሆኗ ነው። ትርጉም ስለሌላት አትሳሳትም። አንድ ዘፋኝ እንዲያውም የደከምኩበትን አዝማች አንብቦ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «ጋሼ፣ ላላላው እንዳለ ቢቀር ቅር አይልህም?» አለኝ። ቀረ። ዘፈኑ ተወደደ። ሰርግ ላይ ሰው ሁሉ እጁን አንስቶ የሚዘፍነው ላላላውን ነው፤ እኔ የጻፍኩት ሲደርስ ውኃ ይጠጣል።

ቃል መርጦ መተካቱ ደግሞ ከሳድስ ጋር ያጣላል። ትምህርት ቤት ሳድስን እንደ አንድ የፊደል ረድፍ ነው ያስተማሩን፤ የዘፋኝ ጠላት መሆኑን የነገረን የለም። ስንኝህን በሳድስ ከደፋኸው ዘፋኙ ድምፁን የሚያሳርፍበት ያጣል። መጨረሻው ላይ «ፍቅር» ብለህ ጻፍለትና «ርርርር» ሲል ስማው፤ ጠዋት በብርድ አልነሳ ያለ ቮልስዋገን ነው። ራብዕና ኃምስ ግን አፍ ያስከፍታሉ። «ሆዴ»፣ «ዓለሜ»፣ «አካሌ»፣ «ገላዬ» የሚሉት ቃላት በየዘፈናችን የበዙት አበሻ ከሌላው ዓለም አብልጦ ስለሚያፈቅር እንዳይመስላችሁ። እኛ ዘንድ ሥራቸው አየር ማስገባት ነው።

ማጥበቅና ማላላትም አለ። ወረቀት ላይ አይታይም፤ ማይክሮፎን ፊት ግን ያጋልጣል። «ገና ነው ፍቅራችን» ብዬ ሰጥቼ፣ ዜማው «ና» ላይ ጠበቅ ሲያደርግ ጊዜ ዘፋኙ በሰኔ ዝናብ የልደት በዓል አከበረልኝ። ለዚህ ነው ግጥሜን ተቀምጬ የማልጽፈው፤ እየተንጎራደድኩ፣ እየጮኽኩ ነው። ጎረቤት ለምዶታል። አዲስ የገባ ተከራይ ግን ለጥቂት ሳምንት ከልጆቹ ጋር ሆኖ ይፈራኛል።

አሁን አንድ ስንኝ ላሳያችሁ፤ የራሴ ስለሆነ የሚከሰኝ የለም።

ሄደች ማለዳ ላይ በሩንም ሳትዘጋው፣
ብርድ ነው ከኋላዋ ልቤን የሚወጋው።

ቤቱ ይመታል፣ ልኩም ስድስት ለስድስት ነው። ዘፋኙ ግን «ጋው» ላይ አፌ ይዘጋል አለኝ። ስለዚህ ከኋላው «ሆዴ» ጨመርንለት፤ «የሚወጋው፣ ሆዴ» እያለ እስትንፋሱ እስኪያልቅ ይስበው ጀመር። ሁላችንም ደስ አለን። ከዚያ ግጥሙ ለምርመራ ቀረበ። ዓመቱ 1977 ነበር፤ ያኔ የዘፈን ግጥም ሳይታይ ካሴት አይወጣም።

መርማሪው ትሑት ሰው ነበር። ሻይ አዘዘልኝ። ወረቀቱን ሁለቴ አነበበና መነጽሩን አወለቀ።

«ጓድ፣ ይቺ ልጅ የት ነው የሄደችው?»

«እንጃ ጓድ። ብቻ ሄደች።»

«በየት በኩል?»

በመተማ ነው ወይስ በሞያሌ ማለቱ ነው። በዚያ ዘመን «ሄደ» ከተባለ ሌላ ትርጉም አልነበረውም።

«በአውቶቡስ» አልኩት።

«ወዴት የሚሄድ አውቶቡስ?»

«ደብረ ብርሃን።»

«ደብረ ብርሃን እኮ 130 ኪሎ ሜትር ነው። ለዚህ ነው እንዲህ የምታለቅሰው?» አለና ወደ በሩ ዞረ። «ሳትዘጋው የሄደችው በርስ? የማን በር ነው?»

«የቤቴ በር ነው ጓድ። የቀበሌ ቤት።»

ይህን በማለቴ ወዲያው ቆጨኝ፤ የቀበሌ ቤት በር ክፍት ሆኖ ማደሩ ራሱን የቻለ ጉዳይ ሊሆን ይችል ነበር። ደግነቱ እሱ «ሆዴ» ላይ ደርሷል። ወሎና ትግራይ ሕዝብ በረሃብ የሚያልቅበት ጊዜ ነውና ጣቱን እዚያች ቃል ላይ አሳርፎ፣ «ይሄ 'ሆዴ' ስለ ድርቁ ነው?» አለኝ። ስለ ሳድስ አስረዳሁት። ስለ ኃምስ አስረዳሁት። አፌን ከፍቼ «ዴዴዴ» ብዬ አሳየሁት። በትዕግሥት ሰማኝና በመጨረሻ «ሆዴ» ተሰርዞ «ዓለሜ» ገባ። ዓለሜ የዓለም ወዛደርን ሳያስታውሰው አልቀረም፤ ያለ ምንም ጥያቄ አለፈ።

በሰውየው ላይ ቂም የለኝም፤ አገሩን ያውቃል። እኛ የፍቅር ዘፈንን የፍቅር ብቻ ሆኖ እንዲያልፍ አንተወውም። ይህ በደርግ የተጀመረም አይደለም። ከታኅሣሥ 1953ቱ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ በኋላ የክብር ዘበኛው ወጣት ዘፋኝ ጥላሁን ገሠሠ ታስሮ ነበር፤ «አልቻልኩም» የሚለውን የፍቅር ዘፈኑንም ሰው ፖለቲካ አድርጎ ሰምቶታል። ያልቻለው አንዲትን ሴት ይሁን መንግሥትን፣ ሰሚው እንደየቁስሉ ወሰነ። ከዚያም በፊት አዝማሪ ቤት «ተቀበል!» እየተባለ ስንኝ ሲወረወር፣ አዝማሪው በማሲንቆው የሚመልሰውን ግጥም አንዱ ለሚስቱ፣ አንዱ ለባለዕዳው፣ አንዱ ለምስለኔው አድርጎ እየሰማ ነው የሚስቀው። ሰሙን ገጣሚ ያቀርባል፤ ወርቁን ግን አብዛኛውን ጊዜ ሰሚው ከቤቱ ይዞት ይመጣል። የኔ ድርሻ በሩን አለመዝጋት ነው።

ካሴቱ ወጣ። መርማሪው የፈራውን ሁሉ ሰው ሰማው። ልጇ በሱዳን በኩል የወጣባት እናት አለቀሰችበት፤ ዘማች ባሏን የምትጠብቅ ሴትም እንደዚያው። ዓመታት አልፈው ለሰርግ ዋሽንግተን በሄድኩ ጊዜ አንድ ጎልማሳ እጄን ይዞ አለቅም አለ። «ጋሼ፣ ስለ እኔ ነው የጻፍከው። በመተማ ነው የወጣሁት። በሩን ሳልዘጋ ነው የሄድኩት፤ እንዴት አወቅህ?» አለኝ። አቀፍኩት። ደብረ ብርሃንን አላነሳሁበትም።

ዘፈኑ የሚቀዳበት ዕቃም ግጥሙን ያዝዘዋል። አምሃ እሸቴ በ1960ዎቹ መጀመሪያ፣ ሸክላ የማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ በተሰጠበት ጊዜ፣ ደፍሮ የዓለማየሁ እሸቴን ሸክላ ሲያሳትም አንዱ ገጽ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነበር የሚይዘው። መግቢያ፣ ሁለት ቤት፣ አዝማች፣ ሳክስፎን፣ አለቀ። ካሴት መጣና አሥር ዘፈን አንድ ላይ ጠየቀን። አሥር ሴት በአንድ ወር ከየት ይምጣ? ዓይን በቀኝ ገጽ፣ ጥርስ በግራ ገጽ አከፋፍለን ተወጣነው። የደርግ ዘመን ሰዓት እላፊ ደግሞ ሌላ ጉድ ነበር፤ የምሽት ክበቡ በር ከተቆለፈ እስኪነጋ አይከፈትምና ባንዱ ሌሊቱን ሙሉ መጫወት ነበረበት። አንዱ ዘፋኝ ከአስተናጋጅ ወረቀት ልኮ፣ «አራት ቤት ጨምርልኝ፤ ገና ዘጠኝ ሰዓት ነው» ይለኝ ነበር። ዛሬ የሚመጡት ልጆች ስልካቸውን አውጥተው «ጋሼ፣ ሁለት መስመር ብቻ፤ ቪዲዮው አጭር ነው» ይሉኛል። አልከፋኝም። ለሁለት መስመርም ለሃያ መስመርም የማስከፍለው እኩል ነው፤ ሁለቱ ይበልጥ ያደክማል።

ስለ ክፍያ ከተነሳ፣ በእኛ ጊዜ ግጥም እንደ ጨው ተመዝኖ ባይሆንም አንዴ ይሸጥና ያልቃል። ከዚያ በኋላ በታክሲ፣ በሬዲዮ፣ በሰርግ ድንኳን ስትሰማው እንደ ማንኛውም ተሳፋሪ ዝም ብለህ ትሰማለህ። አሁን ሕግ አለ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 በሕይወት እስካለሁ፣ ከሞትኩ በኋላም ለ50 ዓመት ይጠብቀኛል። ከሞትኩ በኋላ ያለውን አስተማማኝ አድርጌ ነው የምቆጥረው። ባለቤቴም በዚያኛው ክፍል ደስ ብሏታል፤ የሚያሳስባት የዘንድሮው ነው።

ገንዘቡ ይቅር፤ ስሙስ? ጥላሁንን፣ ብዙነሽን፣ ሙሉቀንን የማያውቅ የለም፤ ደግሞም ይገባቸዋል። አንዱን መንገደኛ አቁማችሁ ተስፋዬ ለማ፣ ሸዋልዑል መንግሥቱ፣ አለምፀሐይ ወዳጆ፣ ይልማ ገብረአብ ምን እንደጻፉ ጠይቁት። ስንኛቸውን ከሥር እስከ ላይ በቃሉ ይወጣዋል፤ ከዚያ «እነሱ ደግሞ እነማን ናቸው?» ይላችኋል።

እና እናንተ ሬዲዮ ላይ ያላችሁ ልጆች፣ ዘፈን ስታስተዋውቁ ከዘፋኙ ስም ቀጥላችሁ የግጥሙንና የዜማውን ደራሲ ጥሩልን። ሁለት ስም ነው፤ የሳሙና ማስታወቂያው ከሚወስደው ጊዜ ያንሳል። ስማቸውን ካላወቃችሁ የካሴቱን ሽፋን ገልጣችሁ እዩት፤ በደቃቅ ፊደል፣ ከማከፋፈያ ሱቁ ስልክ ቁጥር በላይ ተጽፏል።