ባለድግሱ የት ገባ?

በጅቡቲ ከተማ ጋቦዴ ሰፈር ውስጥ ሐበሻ ሲደግስ የማይቀጥረው ባለሙያ የለም። ለዲጄው ቀብድ የሚከፈለው አስቀድሞ ነው። ፎቶ አንሺው ድሮን እንዳለው ይጠየቃል። ኬኩ በሥዕል ይታዘዛል፣ ወንበሩ ነጭ ልብስ ይለብሳል፣ የግቢው ዛፍ ሳይቀር መብራት ተጠምጥሞበት ያመሻል። እንግዳው ከገባ እስኪወጣ ከእጁ የማይለየውን መጠጥ ማን ይቀዳል ሲባል ግን መልሱ አንድ ነው፦ «እኛው እንቀዳለን፣ ምን ችግር አለው!»

ችግሩ ሐሙስ ማታ ይታያል። ዓርብ የዕረፍት ቀን በመሆኑ የጅቡቲ ድግስ ሐሙስ ማታ ላይ ይከመራል። በዚያ ወበቅ ሱፍ የለበሰው ባለድግስ ፍሪጅ ውስጥ አንገቱን ከቷል፤ እንግዳው «እንኳን ደስ ያለህ» የሚለው ለጀርባው ነው። ጋቦዴ ሲባል ወህኒ ቤቱ ትዝ የሚላቸው አሉ፤ የዛሬው እስረኛ ግን ኩሽና ውስጥ ነው። የልጁ ኬክ ሲቆረስ «መክፈቻው የት ገባ?» እያለ መሳቢያ ይበረብራል። መክፈቻው አይገኝም። አንዱ በላይተር፣ አንዱ በማንኪያ፣ አንዱ ደፋር በጥርሱ ይከፍታል። የወይኑ ቡሽ በቢላዋ ተገፍቶ ወደ ውስጥ ይገባና እንግዳው ወይኑን ከነፍርፋሪው ያጣጥማል።

በረዶው ደግሞ አለላችሁ። በሐምሌና በነሐሴ የጅቡቲ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ይዘላል። የሙያው ሰዎች ለአንድ እንግዳ ግማሽ ኪሎ ያህል በረዶ ያስባሉ፤ ያውም ደህና አየር ባለበት አገር። የእኛ ደጋሽ ስልሳ ሰው ጠርቶ ሁለት ፌስታል በረዶ ይገዛል። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ ቢራው የገላ መታጠቢያ ውሃ ይመስላል። ይኼኔ ሠርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ ነው፦ የሚስት ወንድም በታክሲ በረዶ ፍለጋ ይላካል። ሲመለስ ግማሹ የታክሲውን ምንጣፍ አጥቦ ጨርሷል።

«ኧረ እኛ ሰው መድበናል» የሚሉም አሉ። የተመደበው የአጎት ልጅ ነው። ለአንድ ማታ ሥልጣን አግኝቷልና የመጠጡን ክፍል ቁልፍ ኪሱ ከቶ ሳጥኑ ላይ ይቀመጣል። ለማያውቀው እንግዳ «ውስኪ አልቋል» ይላል፤ ጓደኛው በጓሮ በኩል ብቅ ሲል ግን ከአልጋው ሥር አንድ ጠርሙስ ይወጣል። ለወደደው ግማሽ ብርጭቆ፣ ላልወደደው ሽታውን። የ70 ሳንቲ ሊትር ውስኪ በ4 ሳንቲ ሊትር መለኪያ ሲቀዳ ለ17 ብርጭቆ ይበቃል፤ በአጎት ልጅ እጅ ስድስት ከደረሰ ተመስገን ነው። እኩለ ሌሊት ሳይደርስ የድግሱ የመጀመሪያ ሰካራም ራሱ ይሆናል። ቁልፉስ? አብሮት ተኝቷል።

የሚገርመው ይህ ሁሉ የሚሆነው በእኛ ቤት ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ግብር ላይ ጠጅ የሚጥለው ሌላ፣ የሚያሳልፈው ሌላ ነበር፤ ሁሉም በየሙያው ይቆማል። አሳላፊው ጥቂት ወደ መዳፉ አንቆርቁሮ በጌታው ፊት ይቀምሳል፤ መርዝ የለበትም ማለቱ ነው። ንጉሡ ራሳቸው ማንቆርቆሪያ ይዘው አዳራሹን ሲዞሩ አስቡት እስቲ! የጋቦዴው ንጉሥ ግን ሲዞር ያመሻል።

የዳግማዊ ምኒልክ ስም ደግሞ እዚሁ ጅቡቲ ከተማ መሃል አለ። አደባባዩ በይፋ የሚጠራው አገሪቱ ነፃ በወጣችበት በ27 ጁን 1977 ቢሆንም ሰው አሁንም ምኒልክ አደባባይ ይለዋል። በዚያ አካባቢ ባሉ ቡና ቤቶች ከባንኮኒ ኋላ የአገራችን ልጆች ታገኛላችሁ። በአማርኛ ሰላም ብለው በፈረንሳይኛ ሒሳብ ያወጣሉ፤ የሰከረውን የባሕር ማዶ ወታደር ድምፅ ሳያሰሙ ያበርዱታል። ሙያው በታክሲ የሚደረስበት ቦታ እያለ እኛ የአጎት ልጅ እንቀሰቅሳለን።

ከባርማን ችሎታ ሁሉ እኔ የምወድለት መቼ እንደማይቀዳ ማወቁን ነው። ጎረቤትህ ሙስሊም ነው፤ ለደስታህ ብሎ መጥቷል። ቢራ በነበረበት ብርጭቆ ለቅለቅ ተደርጎ ጁስ ሲሰጠው በፈገግታ ይቀበልና ሳይቀምሰው አስቀምጦ ይሄዳል። ባለሙያው ለስላሳውን በሌላ ጠረጴዛ፣ በሌላ ብርጭቆ ለይቶ ያቀርባል። ሌላው እንግዳ ሲነጋ ከባድ መኪናውን ወደ ጋላፊ ድንበር የሚነዳ ሾፌር ነው። ደጋሹ «በሞቴ አንድ ድገም!» ይለዋል፤ በሞቴ የተባለ ሐበሻ ደግሞ እምቢ አይልም። ባርማኑ ግን በሞቱ አይለምንም፤ ውሃ ያቀርብለታል።

«ክፍያው ይወደዳል» ትሉኛላችሁ። በጅቡቲ የመጠጥ ዋጋ ፈስሶ፣ ሞቆና ከአልጋ ሥር ተደብቆ የሚቀረውን ማን ያስላው? በመጪው ሐሙስ የምትደግስ ወገኔ፣ ከውስኪው ላይ ሁለት ጠርሙስ ቀንስና ባርማን ቅጠር። መክፈቻ ይዞ ይመጣል።