አባ ባጃጅ

የአገው ልጅ ሆኖ ጋምቤላ ለሥራ የተመደበ ሰው ዓመቱን ሙሉ ደህና ይከርምና ጥር 23 ሲደርስ ያመዋል። በዚያ ቀን እንጅባራ ላይ የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓሉን ያከብራል። ማኅበሩ በ1932 ዓ.ም. የተቋቋመ ነው፤ የዓድዋ ዘማቾችን ከነፈረሶቻቸው ይዘክራል። ዘመዶቼ ቪዲዮውን በቴሌግራም ያዘንቡብኛል። ሜዳው በፈረስ ተሞልቶ፣ ኮርቻው በጥልፍ አጊጦ፣ ሰዉ ሲፎክር ይታያል። እኔ ማንጎ ጥላ ሥር ላቤን በፎጣ እየጠረግሁ አያለሁ።

ዘንድሮ ልጆቼም አብረው አዩ። ሁለቱም የተወለዱት ጋምቤላ ነው፤ ፈረስ በአካል አይተው አያውቁም። ትንሿ ስልኩ ላይ አፍጥጣ ቆየችና፣ «አባዬ፣ እነዚህ አህዮች ምን በልተው ነው እንዲህ ያደጉት?» አለች። አያቷ አለመስማታቸው በጀ።

በእሷ አይፈረድም። ባሮ ወንዝ ዳር የቆላ ዝንብ አለ፤ ፈረስ ከመጣ የገንዲ በሽታ ያስይዘዋል። ምኒልክ በ1894 ዓ.ም. ከእንግሊዞች ጋር በተዋዋሉት መሠረት የንግድ ጣቢያ የሆነችው ጋምቤላ፣ ክረምት ላይ ባሮ ሲሞላ ከካርቱም መርከብ ይመጣላት ነበር። መርከብ የለመደች ከተማ ናት እንግዲህ፣ ፈረስ ብርቋ የሆነ።

ስለዚህ ፈረሰኛውን እቤት ልንሠራው ተነሣን። እኔ ያሰብሁት ጉግስ ነበር፤ አንድ ጋሻ፣ አንድ ዘንግ፣ አለቀ። ትልቁ ልጄ ግን በቴሌቪዥን የፈረንጁን አይቷል፤ ከአናቱ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ብረት የለበሰውን። «ያንተዎቹ ነጠላ ነው የለበሱት፤ ጦር ቢወረወርባቸውስ?» አለኝ። ዓድዋ ላይ ብረት ለባሽ እንዳልነበረን ላስረዳው ሞከርሁ፤ አልተዋጠለትም። የፈረንጁ ሙሉ የብረት ልብስ 20 ምናምን ኪሎ ይመዝናል። ያን ለብሶ በቀትር ጋምቤላ ገበያ የወጣ ሰው ጠላት አያስፈልገውም፤ ፀሐይዋ ትጨርስለታለች።

በመጨረሻ ራስ ቁሩ ከጀሪካን እንዲሆን ተስማማን። ቢጫው፣ ባለ 20 ሊትሩ፣ ዘይት የነበረበት። ቢላዋውን ከሰል ላይ አግለን ቂጡን ቆረጥንለት፤ ፊት ለፊት ለዓይን ጠባብ መስኮት አወጣንለት። ክዳኑ የነበረበት ቀዳዳ አናቱ ላይ ቀረ፤ እዚያ የአውራ ዶሮ ላባ ሰካን። የጀሪካኑ ጥግ ይዞት የኖረው ዘይት ጠብ ጠብ እያለ የልጁን ፀጉር ሲቀባው፣ እሱ ከውስጥ በበርሜል ድምፅ «ያዘው!» ይላል። ባለቤቴ ከጓዳ ብቅ ብላ ጀሪካኗን አወቀችው። «እኔ ነገ ውኃ በራስ ቁር ልቀዳ ነው?» አለች። መልስ አልነበረንም።

ጋሻ በጥንቱ ደንብ ከጎሽ ወይም ከጉማሬ ቆዳ ነው። ጉማሬው ባሮ ውስጥ አለ፤ ቆዳውን ግን እስካሁን ይጠቀምበታል። እኛ የሳሙና ካርቶን በልብስ ማጠቢያ ሳፋ ልክ ክብ አድርገን ቆረጥን፤ ሦስቱን ድርብ አደረግንና ዱቄት በውኃ አፍልተን አጣበቅን። እጀታው የአሮጌ ቀበቶዬ ቁራጭ ነው። እውነትም ያምር ነበር።

ፈረሱ መጥረጊያ ሆነ። ያለ ስም ፈረስ የለምና ስለ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ስለ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ስለ ባልቻ አባ ነፍሶ ነገርኋቸው፤ ጌታው ራሱ በፈረሱ ስም እንደሚጠራም ጨመርሁ። ልጄ አሰብ አድርጎ የእሱን «አባ ባጃጅ» አለው። ያንኑ ቀን የሰፈሩ ልጅ ሁሉ አባ ባጃጅ ብሎ ጠራው። እኔንም ሱቅ ስገባ «የአባ ባጃጅ አባት» ይሉኝ ጀመር።

ጦርነቱ አጭር ነበር። የጎረቤት ልጆች፣ አኝዋውም ኑዌሩም፣ በባዶ እግራቸው የሸንበቆ ዘንግ ይዘው መጡ። ራስ ቁርም ጋሻም አልጠየቁም። የእኔው ፈረሰኛ በጠባቧ መስኮት ግራ ቀኝ ማየት አልቻለም፤ ከኋላው ጀሪካኑን እየደበደቡ ከበሮ አደረጉት። አጥር ላይ ተደግፈው ያዩ የነበሩ አኝዋ ሽማግሌ ጎረቤታችን፣ «ተዉት፣ እንዲህ የለበሰ ሰው አይመታም፤ ሙቀቱ ይዞታል» ብለው ፈረዱ።

ጋሻውን ማንጎው ሥር ጥሎት ውኃ ሊጠጣ ሲገባ የጎረቤት ፍየል አገኘችው። ከዱቄቱ ጀምራ ካርቶኑን ጨረሰች፤ ያስተረፈችው ቀበቶዬን ብቻ ነው።

እናንተም ለልጆቻችሁ ጋሻ ልትሠሩ ካሰባችሁ ኮላ ግዙ፤ ዱቄቱን ለእንጀራ ተዉት። ጀሪካን ከመቁረጣችሁ በፊት ደግሞ ባለቤቱን አስፈቅዱ፤ እኔ ይህን የምጽፈው አዲሱን ጀሪካን ይዤ የውኃ ወረፋ ላይ ቆሜ ነው።