ግንባር ላይ የሚለጠፍ ነጥብ፦ በጎንደር አዝማሪ ቤት የድምፅ ውጤት አቆጣጠር ላይ የተደረገ ምርመራ

የሰው ድምፅ በነጥብ ሊቆጠር ይችላል የሚለው ሐሳብ የመጣው ከሃያ ዓመት ወዲህ ነው ብለው የሚያምኑ አሉ። ለዚህም በማስረጃነት የሚጠሩት የቪዲዮ ጌም የዘፈን ጨዋታዎችን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣውን የሶኒን ሲንግስታርና በ2007 የወጣውን የአሜሪካኖቹን ሮክ ባንድ። ተጫዋቹ ማይክሮፎን ይጨብጣል፣ የዜማው መስመር በቴሌቪዥኑ ላይ ይፈስሳል፣ ድምፁ መስመሩን በያዘለት መጠን ነጥብ ይታሰብለታል። አራዳ ገበያ ውሎ ማታ ፒያሳ አካባቢ አዝማሪ ቤት ጎራ ለሚል ጎንደሬ ግን ነገሩ ብርቅ አይደለም። በድምፁ ነጥብ የሚሰበስብ፣ የሰበሰበውንም በግንባሩ ተሸክሞ የሚዞር ተጫዋች በዚህ አገር ቴሌቪዥን ከመግባቱ በፊትም ነበር። ስለዚህ ይህ ጥናት ማን ቀደመ በሚለው ጊዜ አያጠፋም። የሚጠይቀው ከፍተኛው ነጥብ በምን ይገኛል የሚለውን ነው፤ መልሱም፣ አንባቢን ላለማንገላታት ከወዲሁ ሲነገር፣ በድምፅ አይደለም የሚል ነው።

በቅድሚያ የባሕር ማዶውን ቆጣሪ እንመርምር። ሮክ ባንድ የሚለካው ድምፁ ወጣ ወይስ ወረደ የሚለውን ነው፤ ቃል አይሰማም። ዘፋኙ ግጥሙን እርግፍ አድርጎ ትቶ በአፍንጫው ቢያንጎራጉር፣ ዜማውን እስካልለቀቀ ድረስ ሙሉ ነጥቡን ይወስዳል። ሴት የዘፈነችውን ባለ ወፍራም ድምፅ ሰው አንድ ኦክታቭ አውርዶ ቢለውም መሣሪያው ልዩነቱን አይቆጥርበትም። መስመር ሳይስት የዘለቀ ተጫዋች ነጥቡ እስከ አራት እጥፍ ያድግለታል፤ ያጠራቀመውን ኃይል የለቀቀ ደግሞ ይህንኑ እንደገና በእጥፍ ያገኛል። ኃይሉ የሚለቀቀው በተፈቀደለት ቦታ ድምፅ በማሰማት ሲሆን፣ ምን ብለህ ጮህክ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ዘፈን በሌለበት ክፍል ማይክሮፎኑን በመዳፍ መታ መታ ማድረግም ያስቆጥራል። ከዚህ ሁሉ ነጥብ ፈላጊው የሚማረው ቃል ሸክም መሆኑን ነው፦ በቃል መካከል አፍ በተዘጋ ቁጥር ዜማው ይቆረጣል፣ ዜማው በተቆረጠ ቁጥር ነጥቡ ይፈስሳል። ግጥም ጸሐፊው የደከመበትን ሁሉ ወደ «ኡ» እና ወደ «አ» መለወጥ በዚህ ጨዋታ ብልህነት ነው።

ይህን ብልሃት የተካነ ሰው ጎንደር መጥቶ ሌሊቱን ሙሉ ቢያንጎራጉር ግን ባዶ ግንባሩን ይዞ ይመለሳል። እዚህ ቆጣሪው እንግዳው ነው። እንግዳው ትዝታ ይሁን ባቲ፣ አምባሰል ይሁን አንቺሆዬ፣ ስለ ቅኝቱ ብሎ እጁን ወደ ኪሱ ሲሰድድ አይታይም። እጁን የሚያንቀሳቅሰው አንድ ነገር ነው፤ ስሙ ተነሣ ወይስ አልተነሣም። ሂደቱን በቅርብ ማየት ይጠቅማል። አዝማሪው ማሲንቆውን ሳያቋርጥ ወደ ጠረጴዛው ጠጋ ይልና አንገቱን ዘንበል ያደርጋል፤ ከተቀመጡት አንዱ በጆሮው ሹክ ይለዋል፤ ከአፍታ በኋላ ስሙ ቤት መትቶ ይወጣል። ባለስሙ በመጀመሪያው ስንኝ ያልሰማ መስሎ የዳሽን ጠርሙሱን ወረቀት ያነብባል። በሁለተኛው ስንኝ አገሩ ይጨመራል፤ ደምቢያ፣ ወገራ፣ አርማጭሆ ወይም ስሜን። በሦስተኛው አባቱ ይነሣል። አባቱ ተነሥቶ የተቀመጠ እንግዳ የለም፤ ብድግ ይላል፣ ብሩንም ይለጥፋል። በዚህ ሁሉ መካከል የዘፋኙ ድምፅ ቢሰነጠቅ፣ ክሩ ቢላላ፣ ዜማው ወደ ጎረቤት ቅኝት ቢሻገር፣ ከውጤቱ የሚቀነስ ነገር የለም። ስሙ በስሕተት የተጠራ እንደሆነ ግን ሁሉም ነገር ይቀነሳል።

ተጨማሪ ማስረጃ ከተፈለገ «ተቀበል» የሚባለው ክፍል አለ። እንግዳው ግጥሙን ራሱ ያወጣል፣ ራሱ ይሰጣል፤ አዝማሪው ተቀብሎ በማሲንቆ ይመልስለታል፤ እንግዳውም በራሱ ግጥም ተደስቶ ይሸልማል። ሥራውን የሠራው ሰው ለተመልካቹ የሚከፍልበት ጨዋታ ከዚህ ሌላ ማግኘት ያስቸግራል። ከዚህ ሁሉ የሚጠነክረው ማስረጃ ደግሞ ፉከራ ነው። በሮክ ባንድም የሚነገሩ እንጂ የማይዘፈኑ ክፍሎች አሉ፤ መሣሪያው ለቃሉ ድምፅ ትንሽ ጆሮ የሚሰጠው እዚያ ላይ ብቻ ነው። በአዝማሪ ቤት ፉከራ ሲጀመር ዜማ ዘወር ይላል፣ ሽልማት ይዘንባል። ድምፅ ነጥብ የሚያስገኝ ቢሆን ኖሮ ነጥቡ ዜማ በጠፋበት ሰዓት መጥፋት እንጂ መብዛት አልነበረበትም።

የሙዚቃ ባለሙያ እዚህ ላይ እንደሚቆጣ ይጠበቃል። አዝማሪ ጆሮ የለውም ወይ፣ ቅኝትስ ሕግ አይደለም ወይ ይል ይሆናል። ሕግ ነው። ሲንቲያ ኪምበርሊን የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1976 የዶክትሬት ጽሑፏን በማሲንቆና በቅኝት ጠባይ ላይ መሥራቷ ጉዳዩ የዋዛ እንዳልሆነ ያሳያል። ነገር ግን የማሲንቆ አንዲት የፈረስ ጭራ ክር የምትወጠረው ለዘፋኙ ድምፅ እንዲስማማ ነው፤ ድምፁ ዛሬ ከከበደው ክሯም ዛሬ ላላ ትላለች። ፋብሪካ ለሁሉ አንድ አድርጎ የቆረጠውን የድምፅ መሰላል የሚጠብቅ መሣሪያ ይህን ሲሰማ ቀይ መብራት ማብራቱ አይቀርም። ጥናቱ የአዝማሪውን ጆሮ አይክድም፤ ጆሮው የተሰማራበትን ቦታ ብቻ ያመለክታል። አዝማሪ ጆሮውን የሚያውለው በጠረጴዛው ዙሪያ ማን ማንን «ጋሼ» እንዳለ፣ የትኛው እንግዳ ሒሳብ እንደሚከፍልና የትኛው ሽንት ቤት እንደሚሄድ ለመለየት ነው። አዝማሪዎች እንግዳ የማይረዳው የእርስ በርስ ቋንቋ እንዳላቸው ይታወቃል፤ እንዲህ ያለው ቋንቋ ለቅኝት ጥናት የሚያስፈልግ አይመስልም።

የነጥብ ሰሌዳውን አሠራር በተመለከተ ጎንደር ከሶኒ ትለያለች። በቪዲዮ ጌም ነጥቡን በመጀመሪያ የሚያየው ተጫዋቹ ነው። በአዝማሪ ቤት ሰሌዳው ግንባር ስለሆነ፣ ከመላው ታዳሚ መካከል ውጤቱን የማያየው ተጫዋቹ ብቻ ነው፤ እሱ በቆዳው ይገምታል። ይህ አሠራር የራሱ የተፈጥሮ ችግር አለበት። ብር የሚጣበቀው በላብ ነው፤ ጎንደር ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ ከ2100 ሜትር ከፍታ በላይ ናት፤ ደባርቅና ዳባት የባሰ ይበርዳሉ። ግንባሩ ያልሞቀ ዘፋኝ የተሸለመው ብር ወለል ላይ ይወድቅበታል፤ ጎንበስ ብሎ ማንሣት ደግሞ ዜማ ያቋርጣል። ስለዚህ ድምፅ ከማሟሸት ይልቅ ግንባር ማሟሸት ይቀድማል። እ.ኤ.አ. በ2010 የአንድ ብር ሳንቲም መውጣቱም በነጥብ አቆጣጠር ታሪክ ሊመዘገብ ይገባል፤ ሳንቲም ግንባር ላይ አይለጠፍምና ዝቅተኛው ነጥብ ቀስ በቀስ ከጨዋታው ወጣ። ከፍተኛው ነጥብ ደግሞ መስከረም 4 ቀን 2013 ዓ.ም. የሁለት መቶ ብር ኖት ይፋ ሲሆን በአንድ ሌሊት በእጥፍ አደገ። በዚያ ቀን ከማንም አዝማሪ ድምፅ ላይ ለውጥ እንዳልታየ ልብ ይሏል።

የአራት እጥፉም ምሥጢር ያለው ከጉሮሮ ውጭ ነው። ዘፋኙ ለደምቢያው ልጅ መቶ ካስለጠፈ በኋላ ዓይኑን ወደ ወገራዎቹ ጠረጴዛ ይወረውራል። አንዲት ስንኝ ብቻ ይበቃል፤ ወገራን ማወደስ እንኳ አያስፈልግም፣ ስለ ዝምታዋ መገረም በቂ ነው። ከዚያ በኋላ ሁለቱ ጠረጴዛዎች ራሳቸው ያባዛሉ። ቆጣቢ እንግዳ ካለም ሰሙ ምስጋና፣ ወርቁ ግን ሌላ የሆነ ግጥም ይደርሰዋል፤ ወርቁ የገባው ለማስቆም ይከፍላል፣ ያልገባው ለምስጋናው ይከፍላል። በባሕር ማዶው ጨዋታ የተሳሳተ ተጫዋች ከመድረክ ይወርዳል፤ እዚህ በግጥም የተነካው ታዳሚ ወደ መድረክ ይወጣል።

ከሁሉ የከበደው ተቃውሞ ከቤተ ክህነት ሊመጣ የሚችለው ነው። ጎንደር ድምፅ በጥብቅ የሚመዘንባት ከተማ ናት፤ በዓታ የአቋቋም ማስመስከሪያ ናት፣ ለድጓ ደግሞ ጋይንት ቤተልሔም ይኬዳል፤ ዜማውም በምልክት ከተጻፈ ዘመናት አልፈዋል። መስመር የሳተ ተማሪ ወዲያው ይታረማል። ታዲያ የቪዲዮ ጌሙ ዘመድ አዝማሪ ቤት ሳይሆን ይህ አይደለም ወይ? ተቃውሞው ሚዛን የሚደፋ ይመስላል፤ ሆኖም በማስመስከር እጥፍ ነጥብ የለም፣ ኃይል መልቀቅ የለም፣ መሪጌታውም በስሙ መነሣት አይበገርም። ያወቀ ያስመሰክራል፤ ያላወቀ ተመልሶ ይቀጽላል። እንዲህ ያለው ሥርዓት ነጥብን ለማብዛት ለሚደረግ ጥናት ምንም ቀዳዳ ስለማይሰጥ ከዚህ ምርመራ ውጭ ተደርጓል።

የነጥቡ ዋጋ ከዘመን ዘመን ሊነጻጸር አለመቻሉ ግን የማይካድ ጉድለት ነው። ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተለቀቀ ወዲህ የድሮ ባለ ሃምሳ ግንባርና የዛሬ ባለ ሁለት መቶ ግንባር በአንድ ሠንጠረዥ ሊቀመጡ አይችሉም። ወቅቱም ያዛባል፦ ጥምቀት ሲደርስ ከውጭ የመጡ እንግዶች ከፋሲለደስ መዋኛ ሲመለሱ ውጤቱ ሰማይ ይነካል፣ ዐቢይ ጾም ሲገባ ማሲንቆው ይሰቀላል። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ሰዓት እላፊ ሲታወጅ ደግሞ ጨዋታው በሚሞቅበት ሰዓት ከተማው በር ዘግቶ ነበር፤ ለዚያ ዘመን ጥናቱ አኃዝ አያቀርብም።

የወደፊቱ ስጋት ቴሌብር ነው። ግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ይህ አገልግሎት ነጥቡን ከግንባር አንሥቶ ወደ ዘፋኙ ስልክ ያስገባል፤ ሰሌዳው ይገለበጥና አሁን ውጤቱን የሚያየው ተጫዋቹ ብቻ ይሆናል። ደምቢያ ስንት እንደላከ ወገራ ካላየ የሚያባዛው ነገር የለም። ያለው አማራጭ ዘፋኙ የደረሰውን መጠን እዚያው በዜማ ማወጅ ነው፤ ያኔ ከስም ቀጥሎ ቁጥርም ቤት መምታት ይኖርበታል። ሁለት መቶ ከ«ሰጥቶ»ም ከ«መጥቶ»ም ጋር ይሄዳል። ሃምሳ «አንበሳ» አለው። አስር ብር የሚልክ እንግዳ ግን አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ፦ ቶሎ የሚገኝለት ቃል «እስር» ነው።