የቀይ ባሕር መናንያን

በዚህ ዘመን ምናኔ ቀርቷል፣ ሰው ሁሉ ለሆዱና ለምቾቱ አድሯል እያሉ የሚያማርሩ አረጋውያን፣ በእኔ አስተያየት፣ ዓይናቸውን ወደ ቀይ ባሕር መልሰው አያውቁም። ከግብፆቹ ከሁርጋዳና ከማርሳ ዓለም አንሥቶ እስከ ጅቡቲው ታጁራ ባሕረ ሰላጤ ድረስ፣ ርዝመታቸው ከ30 እስከ 40 ሜትር የሚደርስ፣ መኝታ ቤታቸውም በሐሩሩ መካከል እንደ ደጋ የሚቀዘቅዝ መርከቦች በየሳምንቱ ከወደብ ይወጣሉ፤ ተሳፋሪዎቻቸውም ሥራና ሹመታቸውን፣ ቤትና ንብረታቸውን ለሰባት ቀን ትተው፣ ለዚሁም ጽድቅ በሺህ የሚቆጠር ዶላር ከፍለው፣ ባሕር ላይ እያደሩ ወደ ጥልቁ የሚወርዱ ጠላቂዎች ናቸው።

ውሃ በፈረቃ የሚመጣለት፣ ቧንቧው ሲያፏጭ ቢጫ ጀሪካን አንጠልጥሎ የሚሮጥ የአዲስ አበባው የእሪ በከንቱ ሠፈር ሰው ስለ ባሕር ምን ያገባዋል የሚለኝ አይጠፋም። አገራችን ከ1985 ዓ.ም. ጀምሮ አንድ ክንድ የባሕር ጠረፍ ሳይኖራት ባሕር ኃይሏን እንደገና ማቋቋሟን ላስታውሰው፤ ባሕር ማጣት ከባሕር ነገር አያግድም። ደግሞም ትሩፋቱ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በ1945 ዓ.ም. ገደማ፣ ኤርትራ በፌዴሬሽን ከእኛ ጋር በነበረች ጊዜ፣ ብሩኖ ቫይላቲና ፎልኮ ኩዊሊቺ የተባሉ ኢጣሊያውያን ከባልንጀሮቻቸው ጋር በዳህላክ ደሴቶች ዙሪያ ጠልቀው ፊልም አንሥተዋል፤ ስሙንም «ስድስተኛው አህጉር» አሉት።

ወደ ሥርዓተ ገዳሙ ልመለስ። መርከቡ ላይ ሲወጡ አስቀድሞ ጫማ ይወልቃል፤ የሁሉም ጫማ በአንድ ሣጥን ተጠራቅሞ ሳምንቱ እስኪፈጸም ድረስ አይነካም፣ ባለ ፋብሪካውም ባለ ባንኩም በባዶ እግሩ ይመላለሳል። ጎሕ ሲቀድ ደወል ይደወላል፤ ማኅበሩ ዓይኑን እያሸ ይሰበሰባል፤ መሪውም እንደ አበምኔት ከፊታቸው ቆሞ፣ በነጭ ሰሌዳ ላይ የዐለቱን ቅርጽና የውሃውን አካሄድ እየሣለ ትእዛዝ ይሰጣል። ከዚህ በኋላ ጥቁር የጎማ ልብስ ለብሰው፣ የአየሩን ጋን በጀርባቸው አዝለው፣ ወገባቸውን በእርሳስ ይታጠቃሉ። የቀድሞ ባሕታውያን ሥጋቸውን ለመግራት ሰንሰለት ይታጠቁ እንደ ነበር በገድላቸው ተጽፏል፤ የዛሬዎቹ እርሳስ መታጠቃቸው ግን፣ የጎማው ልብስና በብዙ ዘመን ድሎት ያካበቱት ስብ ወደ ላይ እየገፉ እንዳይሰጥሙ ስለሚያስቸግሯቸው ነው። ከውሃው በታች አርምሞ ነው፤ ንግግር በእጅ ምልክት፣ ትንፋሽም በመጠን። ሲመለሱም፣ በጥልቁ ግፊት ደማቸው ውስጥ የገባው ናይትሮጅን አረፋ ሆኖ እንዳያሰነካክላቸው፣ ቀስ ብለው ወጥተው በአምስት ሜትር ጥልቀት ላይ ሦስት ደቂቃ ይቆማሉ፤ ቅዳሴ እስኪያልቅ መቆም አቅቶት ከእሑድ የቀረ ሰው እዚያ ሦስት ደቂቃ ቆሞ ሲጠብቅ ማየት እምነት ያጸናል። ይህን በቀን ሦስትና አራት ጊዜ ይፈጽማሉ። ከኅዳር እስከ ጥር ወደ ታጁራ የሚመጣውን ዌል ሻርክ የተባለ ግዙፍ ዓሣ ለማየት፣ ነቢዩ ዮናስ ሳይወድ ባሕር ቢወርድ፣ እነርሱ ወረፋ ይዘው ይወርዳሉ። በጾም ረገድ ብቻ ሥርዓቱ ገና አልተሟላም፤ ከእያንዳንዱ መጥለቅ በኋላ ማዕድ ይዘረጋልና።

በዚያው በታጁራ ባሕረ ሰላጤ፣ በሰሜኑ ዳርቻ ካለችው ከኦቦክ፣ ሌሎች መናንያን ወደ የመን ይሳፈራሉ። ከወሎ፣ ከጅማ፣ ከአርሲ፣ ከትግራይ በእግር የመጡ ወጣቶች ናቸው፤ እነርሱም ቤታቸውን ትተዋል፣ እነርሱም ለደላላ ከፍለዋል። በባዶ እግር መሄድ፣ ባዘዟቸው ጊዜ ዝም ማለት፣ በጥብቅ ተጨናንቆ ትንፋሽን መቆጠብ፣ ከሥርዓቱ አንዳች አይጎድልባቸውም፤ ጾሙንማ ከእነዚያ ይልቅ ጠንቅቀው ይፈጽማሉ። እርሳስ ብቻ አይሰጣቸውም፤ አያስፈልጋቸውምና። በ2009 ዓ.ም. ነሐሴ መጀመሪያ አሻጋሪዎች ከመቶ የሚበልጡ ኢትዮጵያውያንና ሶማሌዎችን በየመን ሻብዋ ጠረፍ አጠገብ ከጀልባ እየገፉ ባሕር ውስጥ ጨመሯቸው፤ በ2016 ዓ.ም. መጋቢት ማለቂያና ሚያዝያ አጋማሽ ደግሞ ከየመን ተመላሾችን የጫኑ ሁለት ጀልባዎች በጅቡቲ ጠረፍ ሰጠሙ። ባለ እርሳሶቹም ቢሆኑ ከአደጋ የጸዱ አይደሉም፤ «ሲ ስቶሪ» የተባለችው የጠላቂዎች መርከብ በኅዳር 2017 ዓ.ም. ማርሳ ዓለም አጠገብ ተገለበጠች። የግብፅ ጦር መርከብና አውሮፕላን ለፍለጋ ወጡ፤ ከአንድ ቀን በላይ በውስጧ የቆዩ አምስት ሰዎችም በሕይወት ተገኙ፤ ለዚህም እግዚአብሔር ይመስገን። የኦቦክ ጀልባ ተሳፋሪ እሪ ሲል ግን፣ አስቀድሞ ፓስፖርቱ ይጠየቃል።

አራዳችንም ከዚህ በረከት አልተለየችም፤ ጥቂት ከተሜዎቻችን ለልደታቸው ዱባይ ድረስ ሄደው ያት የተባለ የመዝናኛ ጀልባ በሰዓት ይከራያሉ። ነጭ ልብስ ይለበሳል፤ ብርጭቆ ይነሣል፤ ብርቱካናማው የሕይወት አድን ጃኬት ቀለሙ ፎቶ ያበላሻል ተብሎ ከወንበር ሥር ይወሸቃል። ከእነዚህ ፎቶዎች አንዱ ባለፈው ሰሞን በሠፈራችን ጀበና ቡና ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር ቆይቶ ቡና አፍይዋ ዘንድ ደረሰ። ሴትዮዋ ስልኩን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው፣

«እሰይ! ይቺ የኛ ልጅ ዋና የት ተማረች?» አሉ።

«ኧረ እትዬ፣ ዋናማ አትችልም» አለ የስልኩ ባለቤት። «ጀልባውም እንደ ታሰረ ነው፤ ከተንቀሳቀሰ ሒሳቡ ይጨምራል።»

«ታዲያ ራስ መኰንን ድልድይ ሥር አትነሣም ነበር? የታክሲ ነው እንጂ የአውሮፕላን አይጠይቅ!»